የታጨቀ ቤት እንዴት ይቀላል? ከአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ኖሬአለሁ። እዚያ የቆየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ «ፋይሉ ጠፋ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ከግቢው አልወጣም። ያለ ቁጥሩ ተሰክቷል፣ ወይም አንዱ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ማን እንደወሰደው የጻፈ የለም። ቤትም እንዲሁ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ሊያመልጣችሁ ሲል የምትፈልጉት ቁልፍ፣ የልጁ ሁለተኛ ካልሲ፣ ማታ ቆጣሪው ሲዘጋ የምትፈልጉት የመብራት ካርድ ቤት ውስጥ አለ። ከላዩ ግን ሌላ አሥር ነገር ተጭኖበታል። ቀኑን የሚያበላሸው ፍለጋው ነው። ልጅ ላይ መጮህ ከዚያ ይመጣል፤ ባልና ሚስት «አንተ ነህ ያነሣኸው»፣ «አንቺ ነሽ» የሚባባሉትም ከዚያ ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ሰው ችግር ብቻ አይደለም። ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ ሁለቱም ሥራ ያላቸውን ባልና ሚስቶች ካሜራ አስይዘው ቤታቸውን እየዞሩ እንዲያስጎበኙ አደረጉ። ከዚያ አነጋገራቸውን ከምራቃቸው ከተለካው ኮርቲሶል ጋር አስተያዩት። ኮርቲሶል ከውጥረት ጋር የሚያያዝ ሆርሞን ነው፤ ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ ሊወርድ ይገባዋል። ቤታቸውን ሲያሳዩ ስለ ዝርክርክነትና ስላላለቀ ሥራ ደጋግመው ያወሩ ሚስቶች ላይ ግን አወራረዱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ነው። እኔም በየቤቱ የማየው ይህንኑ ነው፤ ወንበር ላይ የተቆለለ ልብስ፣ ፍሪጅ ላይ የተከመረ ወረቀት ሁሉ ውሳኔ የሚጠብቅ ጉዳይ ነው። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ሃያ ያልተወሰነ ጉዳይ በከበበው ክፍል ውስጥ እንዴት ያርፋል?

ዕቃ ስለመቀነስ ከውጭ እየተተረጎመ የሚመጣው ምክር «ዓመት ሙሉ ያልነካችሁትን ጣሉ» ይላል። እኛ ቤት አይሠራም። ትልቁ ድስት የሚወርደው ለበዓልና ለክርስትና ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ጀሪካን ትርፍ ዕቃ አይባልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጣሉ» የሚለው ራሱ አይዋጥልንም። የሚለበስ ልብስ፣ የሚበላበት ሳህን መጣል በእናቶቻችን ዘንድ ግፍ ነው፤ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዕቃውን ይዛችሁ «ልጣለው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «ይቀመጥ፣ ነገ ይጠቅማል» ነው። «ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ ከሆነ ቦታ ይሰጠዋል። የሌላ ከሆነ ባለቤቱ በስም ይጠራና ይሄድለታል። የማንም ካልሆነ ያን ጊዜ ቆሻሻ ነው።

መውጫውን አስቀድሙ

ቁምሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት ዕቃው የሚሄድበትን እወቁ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለይ ይውልና ማታ ፌስታሎቹን በረንዳ ላይ ይደረድራል። በሳምንቱ ልጆች ይፈቱታል፣ ዕቃው ተመልሶ ይገባል።

ሦስት ማዳበሪያ አዘጋጁ። አንደኛው ለሰው ነው። «ለችግረኛ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ የጥበቃው ልጆች ይሁኑ፣ ገጠር ያለችው አክስት ትሁን፣ የደብሩ ነዳያን ይሁኑ፣ ተጽፎ ይለጠፍበት። ስም ያልተጻፈበት ማዳበሪያ ወራት በር ላይ ይቆማል። ለሰው የሚሰጥ ነገር ደግሞ የሚሰጥ መሆን አለበት። ዚፑ የተበላሸ ሱሪ፣ አንገቱ የተበላ ሸሚዝ ለድሃ ማቀበል ድሃውን መናቅ ነው። ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ታጥፎ ይሰጥ።

ሁለተኛው ለቁራሌውና ለልዋጭ ነው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ድስት፣ ቁርጥራጭ ብረት ቁራሌው ሲጣራ ጠርታችሁ ሽጡለት። ከእነሱ እጅ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እኛ ጨርሰነዋል ያልነው ብረት እዚያ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የተሰበረ ምድጃ «እስኪጠገን» ብላችሁ አልጋ ሥር አታስተኙ። ልዋጭ ዘንድ ግን ተጠንቀቁ። አሮጌ ጫማና ልብስ ወስዶ ሳፋና ባልዲ ይሰጣል። ዕቃ አስወጥታችሁ ዕቃ ካስገባችሁ ቤቱ አልቀለለም። በእርግጥ የጎደላችሁ ነገር ከሌለ በገንዘብ ይሁን በሉ።

ሦስተኛው ለጽዳት ሠራተኞቹ የሚሰጥ ቆሻሻ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

ኪስ ሳይፈተሽ ልብስ አይውጣ። በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ከካፖርት ኪስና ከመጽሐፍ መሐል የወጣ የድሮ መቶ ብር የማይገዛ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። የእጅ ቦርሳም እንዲሁ ይፈተሽ፤ የጆሮ ጌጥ አንዱ እግር የሚገኘው እዚያ ነው።

ከበር ጀምሩ

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁምሳጥን አትንኩ። ባለፈው ሳምንት ምን ምን ፈለጋችሁ? እሱን ጻፉ። በብዙ ቤት ዝርዝሩ አንድ ነው፤ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ የመብራት ካርድ፣ ጃንጥላ፣ ቻርጀር፣ የልጅ ደብተር። ትልቁን እፎይታ የምታገኙት እነዚህን ቦታ በመስጠት ስለሆነ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

ቦታው የሚመረጠው በውበቱ አይደለም። ሰው በር ከፍቶ ሲገባ እጁ የሚደርስበት መሆን አለበት። ሳሎን ያለ የሚያምር ሳጥን ውስጥ ቁልፍ አስቀምጡ ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። እኔ የምኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ሚስማር ስለሚያስቸግር በሩ አጠገብ የእንጨት መስቀያ በድሪል አስመትቻለሁ። ላይኛው ረድፍ ለእኔና ለባለቤቴ፣ ታችኛው ልጆቹ በሚደርሱበት ቁመት ነው። የመብራት ካርዱ ክር ገብቶለት ለብቻው ይሰቀላል፤ ካርድ የሞላ ሰው መልሶ ይሰቅለዋል። የልጆቹ ቦርሳ ማታ ተዘጋጅቶ እዚያው ይደርሳል።

ወረቀት

እዚህ ላይ ረዘም ብል ታገሡኝ፤ ሙያዬ ነው። በየቤቱ ያለው ወረቀት በፌስታል ታስሮ ቁምሳጥን ላይ ይወረወራል። አንድ ጉዳይ ሲመጣ ፌስታሉ አልጋ ላይ ይገለበጣል፣ የተፈለገው ይወሰዳል፣ የቀረው እንደነበረ ይታሠራል። አምስት ክላሰር ወይም አምስት ትልቅ ፖስታ ይህን ይፈታዋል።

የመጀመሪያው የማይተኩት ወይም ለመተካት ብዙ የሚያመላልሱት ነው፦ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ካርታ ወይም የቤት ውል፣ ውክልና፣ ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የሚኒስትሪና የ12ኛ ክፍል ውጤት። ይህ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ለብቻው ይሁን፤ እሳት ቢነሣ ወይም ከላይ ፎቅ ውሃ ቢወርድ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንሥቶ የሚወጣበት መሆን አለበት። የት እንዳለም ከአንድ በላይ ሰው ይወቅ። ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ። አንዴ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም፤ ማኅተምና ፊርማ የሚመረምር ሰውም ዋናውን በደንብ ማየት ይቸግረዋል። ልል የሆነ የፕላስቲክ ኪስ ይበቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ ቤት ያለውን የሆስፒታል ወረቀትም ሆነ የክርስትና ካርድ «አሮጌ ነው» ብላችሁ አትቅደዱ።

ሁለተኛው የጤና ነው። የልጆች የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ በየሰው ስም ተለይቶ ይቀመጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያላችሁ በጥንቃቄ ያዙት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ አንድ ጊዜ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ ላይ አሥር ዓመት የሚል ቢጻፍበትም። መድኃኒቱን ራሱን ደግሞ እዚያው አብራችሁ ፈትሹ። ጊዜው ያለፈበትን ለጎረቤት አታውሱ፤ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት፣ ልጅም እንስሳም እንዳያነሣው።

ሦስተኛው የዓመቱ ነው፦ የኪራይ፣ የውሃ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቃ ዋስትና ደረሰኝ። ከማሽን የሚወጣው ለስላሳ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በወራት ይደበዝዛል። የፍሪጅ ወይም የስልክ ዋስትና በእሱ ላይ ከሆነ በገዛችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት ወይም በስልክ አንሡት።

አራተኛው ፖስታ ጉርድ ፎቶና ፎቶ ኮፒ ነው። እኛ አገር ጉዳይ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይጠይቃል፤ በየሰው አራት አራት ቢኖር ጠዋት ፎቶ ቤት ከመሮጥ ያድናል። የመታወቂያ ኮፒ ግን ከሁለት በላይ አታከማቹ። ለሰው ስትሰጡ በላዩ ላይ ለምን ጉዳይና በምን ቀን እንደሰጣችሁ አቋርጣችሁ ጻፉበት፤ ለሌላ ነገር እንዳይውል። የማያስፈልገውን ኮፒ ሙሉውን ቆሻሻ ውስጥ አትጨምሩ፤ ቀዳድዳችሁ ጣሉ።

አምስተኛው ቀጭን ይሁን፤ «የሚጠብቅ» ብላችሁ ጻፉበት። ያልተከፈለ ቢል፣ ያልተሞላ የትምህርት ቤት ቅጽ፣ የስብሰባ ጥሪ እዚያ ይገባል። ዓርብ ማታ ይከፈታል፣ የተቻለው ይጨረሳል። ፍሪጅ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ መስኮት ላይ ወረቀት እንዳይቀመጥ የሚያደርገው ይህ ፖስታ ነው። እሱ ከሌለ አራቱ በወር ይፈርሳሉ።

ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች በስልክ አንሥታችሁ ያዙ፣ ስልኩም የተቆለፈ ይሁን። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ግን አትልቀቁት።

ልብስና የተላከ ነገር

ልብስ መለየት ራሱ ከባድ አይደለም። የሚከብደው ከውጭ የተላከው ነው። እኅት ከዱባይ፣ የአጎት ልጅ ከዋሽንግተን የላከችው ቀሚስ አይበቃም፣ ግን «ላቧን አፍስሳ የላከችውን እንዴት ለሌላ እሰጣለሁ?» ይባልና ሻንጣው ውስጥ ይኖራል። ይህን ስሜት አከብራለሁ፤ በሰው ቤት እየሠሩ የሚልኩትን አውቃለሁና። እንዲያውም ስለማከብር ነው ሻንጣ ውስጥ መቅረት የለበትም የምለው። ለሚበቃት የእኅት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ አልብሷት፣ ፎቶ አንሡና ለላኪዋ ላኩላት። ማን እንደለበሰው ስታይ ደስ ይላታል። በዚያው አጋጣሚ የሚያስፈልጋችሁን በቁጥሩ ንገሯት፤ «ልብስ በቅቶናል፣ ለትንሹ 34 ቁጥር ጫማ» ማለት ብልግና አይደለም፣ ገንዘቧን መቆጠብ ነው።

የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ በፌስታል አይታሠር፤ እርጥበት ይይዛል፣ ጥለቱም ይበላሻል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ክረምቱ ሲያልፍ ነፋስ ያግኘው። ብርድ ልብስና ጋቢ በበጋ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይውጡ። ናፍታሊን የምትጠቀሙ ከሕፃናት ልብስ አርቁት፤ በተለይ ለአራስ ልጅ ደሙን የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

የሞተ ሰው ልብስ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። በልማዳችን ከአርባው በኋላ ለነዳያን ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ያልቻለ ሰው በተዝካሩ ዓመት ይችላል። ባል ወይም እናት ለሞተባት ሴት «ዕቃውን አስወጪ፣ ይቀልሻል» አትበሉ። የምትለብሰውን ጋቢ፣ ልጆቹ የሚያውቁትን ኮት አስቀድማ ትምረጥ፤ የቀረውን ስትዘጋጅ ከሚያውቃት ሰው ጋር ሆና ታስወጣ። ቤት ማቅለል የምለው ሰውን ለማሳረፍ ነው፤ የማያሳርፍ ከሆነ ይቆይ።

የአደራ ዕቃ

አልጋችሁ ሥር የማን ሻንጣ አለ? በብዙ ቤት የሰው ነው። ወደ ዓረብ አገር የሄደች የጎረቤት ልጅ፣ ቤት የለቀቀ ወንድም፣ የተመረቀ የአክስት ልጅ አደራ ያስቀመጠው። አደራ አይበላም፣ አይነካምም፤ ስለዚህ ለዓመታት ይቀመጣል። መዝገብ ቤት ብትሆኑ ይህን እንዲህ ታደርጉታላችሁ። ባለቤቱን ቀድማችሁ በስልክ አስፈቅዱ። ከዚያ ሌላ ሰው ባለበት ክፈቱ፣ ያለውን አንድ በአንድ ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ዝርዝሩን ላኩለት። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ውስጡ ምን እንዳለ ረስቶታል፤ ፎቶውን ሲያይ «ልብሱን ለሰው ስጡልኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ያዙልኝ» ይላል። ካላለ ደግሞ የሚወስድበትን ወር ተነጋገሩ፣ ዝርዝሩን ሻንጣው ላይ ለጥፉ። ያለ ፈቃድ አንዲት ስካርፍ አይውጣ።

ቡፌውና ወጥ ቤቱ

ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ሳህንና ብርጭቆ አለ፤ ቤተሰቡ ደግሞ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ሻይ ይጠጣል። ይህ ያሳዝነኛል። ለቤተሰባችሁ ቁጥር በቂ የሆነውን ከቡፌው አውርዱና ተጠቀሙበት፣ የተሰነጠቀውን አስወጡ። ለድግስ የሚሆን ስልሳ ሳህን በየቤቱ ማከማቸትም አያስፈልግም። እድራችሁ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆና ወንበር አለው፤ ለለቅሶም ለድግስም ያውሳል፤ የምትከፍሉት መዋጮ ለዚህም ነው። የጋራ ንብረት ያለን ሕዝብ ሆነን ሳለ እያንዳንዳችን መጋዘን ይዘን መተኛት የለብንም።

ክዳን የሌለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን ከሚያስፈልገው በላይ፣ የአይስክሬም ጣሳ፦ ለቁራሌው። ጀሪካኖቻችሁን ቁጠሩ፤ በፈረቃው መሐል ለሚያልፉት ቀናት የሚበቃው ይቆይ፣ የቀረው ይውጣ። በርበሬና ሽሮ ላይ የተፈጨበትን ወር ጻፉበት።

መቼ? ከማን ጋር?

የበዓል ዋዜማ ላይ አይሁን። በዋዜማ የምናደርገው ማጽዳት ሁሉንም ነገር መኝታ ቤት አጉሮ በር መዝጋት ነው። ጳጉሜ ጥሩ ነው፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት። ሌላው ሕዳር 12 ነው። በሕዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ኢንፍሉዌንዛ፣ አባቶቻችን የሕዳር በሽታ ያሉት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ሰፈር አጽድቶ ቆሻሻ ማቃጠልና ማጠን ከዚያ ጀምሮ የመጣ ነው። ልማዱን ያዙት፣ ግን ቤታችሁን ከዚያ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ለዩ። ፕላስቲክና ጎማ አታቃጥሉ፤ ጢሱ ለልጆች ሳንባ መርዝ ነው። የሚለበስ ልብስም እሳት ውስጥ አይግባ።

በአንድ ቅዳሜ አንድ ቦታ ብቻ ያዙ፦ አንድ መሳቢያ፣ አንድ መደርደሪያ። ከሰዓት ጀምሩ፣ ሳይመሽ ማዳበሪያው ከቤት ይውጣ። የባላችሁን ወይም የሚስታችሁን መሳቢያ እነሱ በሌሉበት አትክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ማንም የማይነካው አንድ ቦታ ይኑረው፣ የሰባት ዓመት ልጅም ቢሆን። ለልጅ «ክፍልህን አጽዳ» ማለት ሥራ አይሰጠውም፤ «መኪናዎቹን ሁሉ በዚህ ካርቶን» በሉት። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲያልቅ ከደብተሮቹ ያልተጻፈበትን ገጽ ቀዳችሁ ስፉለት፣ የሚወደውን አንድ ደብተር ራሱ ይምረጥ፣ የቀረው ይሂድ። ሥራውን ሁሉ እናት ብቻዋን ከያዘችው ግን በወሩ ይመለሳል፤ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ሁሉ መመለሻውን ማወቅ አለበት።

የመጨረሻው አንድ ትንሽ ደብተር ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲወጣ ማን፣ መቼ እንደወሰደ ይጻፋል። ቤታችሁም ይህን ያዙ። መሰላሉ ለማን ተዋሰ? ትልቁ ምጣድ ማን ጋ ነው? የማንን ድስት ነው እኛ የያዝነው? ስም፣ ዕቃ፣ ቀን ጻፉ። ጎረቤትን «አልመለሰችም» ብሎ በሆድ መያዝም ይቀራል፣ ሁለተኛ መሰላል መግዛትም ይቀራል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ገልጣችሁ ያልተመለሰውን ደውላችሁ ጠይቁ፤ የተዋሳችሁትንም በዚያው ቀን አጥባችሁ መልሱ።